109 ዓመት የጠበቀ ሲምፎኒ

በቪየና ከተማ ዮዜፍሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ማሪያ ትሮይ በተሰኘው የፒያሪስት መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ትልቅ ኦርጋን ይገኛል። የእኛ አገር ባንዶች ኦርጋን ከሚሉት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር መምታታት የለበትም፤ ይህኛው ቧንቧዎቹ ወደ ጣሪያው የሚያሻቅቡ፣ በነፋስ ግፊት ድምፅ የሚያሰማ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ግዙፍ መሣሪያ ነው። ካርል ፍሪድሪክ ፈርዲናንድ ቡኮ የተባለ ባለሙያ ሠርቶ ያጠናቀቀው በ1858 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 1861 አንቶን ብሩክነር የተባለ የ37 ዓመት ጎልማሳ ከሊንዝ ከተማ መጥቶ በዚሁ ኦርጋን ላይ ተፈተነ። ፈታኞቹ በቪየና የሙዚቃ ዓለም የተፈሩና የተከበሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ዜማ ሰጡትና ፉጋ እንዲፈጥርበት፣ ማለትም ያንኑ ዜማ የተለያዩ ድምፆች እየተቀባበሉ የሚያሳድዱበትን ድርሰት እዚያው በዚያው እንዲያፈልቅ ጠየቁት። ብሩክነር ጥቂት አሰበና ጀመረ። ሲጨርስ ከፈታኞቹ አንዱ ዮሃን ኸርቤክ፣ እኛን መፈተን የነበረበት እሱ ነው ሲል መሰከረለት።

15 ዓመት ቆይቶ በዚያ ኦርጋን ፊት መደበኛ ተጫዋች ሆኖ የተቀመጠው የብሩክነር ተማሪ ነበር። ስሙ ሃንስ ሮት ይባላል። ብሩክነርን ዛሬ ክላሲካል ሙዚቃ የሚሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የሮትን ስም ግን ከሞተ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ከጥቂት ተመራማሪዎች በቀር የሚያነሳው አልነበረም።

ሮት የተወለደው ኦርጋኑ ተሠርቶ ባለቀበት በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 1 ቀን 1858፣ ብራውንሂርሽንግሩንድ በምትባል የቪየና ዳርቻ ነው። ቤቱ የቴአትር ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አባቱ ካርል ሮት በአስቂኝ ገጸ ባሕርያቱ የቪየናን ሕዝብ ያዝናና ስመ ጥር ተዋናይ ሲሆን፣ እናቱ ማሪያ ሮዛሊያ ሉትስ ደግሞ ተዋናይትና ዘፋኝ ነበረች። በዕድሜ ከአባትየው ከ30 ዓመት በላይ ታንሳለች። ሃንስ ሲወለድ ሁለቱ ገና በሕግ አልተጋቡም ነበር። ልጁ ያደገው መድረክና ሙዚቃ የዕለት እንጀራ በሆነበት ቤት ነው፤ ሙዚቃ ሙያው እንዲሆን መምረጡ ማንንም ያስገረመ አይመስልም።

ችግሩ የመጣው በተከታታይ ነው። እናቱ በ1872 ሞተች። ሃንስ ወደ ኮንሰርቫቶሪ በገባበት በ1874 አባቱ መድረክ ላይ ሳለ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤና አላገኘም። ከሁለት ዓመት በኋላም አረፈ። ሃንስ 17 ዓመቱ ላይ፣ ከታናሽ ወንድሙ ከካርል ጋር፣ ያለ አባትና ያለ እናት ቀረ። የትምህርት ቤቱን ክፍያ መክፈል ስለማይችል ኮንሰርቫቶሪው በነፃ እንዲማር ፈቀደለት። ያ ተቋም ኋላ ላይ ክፉኛ ስላሳዘነው፣ ይህን መልካም ሥራውንም መዘገብ ተገቢ ነው።

የቪየና ኮንሰርቫቶሪ በዚያ ጊዜ የሙዚቃ ወዳጆች ማኅበር ባሠራውና በ1870 በተከፈተው ሕንፃ ውስጥ ነበር የሚያስተምረው። ሮት ፒያኖን ከሌኦፖልድ ላንድስክሮን፣ ሃርመኒን ከኸርማን ግሬደነር፣ ድርሰትን ከፍራንዝ ክሬን ተማረ። በክሬን ክፍል አብረውት ከተቀመጡት መካከል ሩዶልፍ ክሺዣኖቭስኪ እና ከቦሔሚያ የመጣ አንድ ቀጠን ያለ አይሁዳዊ ወጣት ነበሩ፤ የኋለኛው ከጊዜ በኋላ ስመ ጥር የሲምፎኒ ደራሲ የሆነው ጉስታቭ ማህለር ነው። ሌላው ወጣት ደራሲ ሁጎ ቮልፍም በዚያው አካባቢ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ፣ በአንድ ዘመን፣ በጥቂት ዓመታት የዕድሜ ልዩነት እነዚህን ሁሉ ማግኘት ለሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሮትን ከሁሉ በላይ የቀረጸው ግን የኦርጋን ክፍሉ ነው። ብሩክነር ከ1868 ጀምሮ በኮንሰርቫቶሪው ያስተምር ነበር። የገጠር ልጅ ነው፤ አነጋገሩም አለባበሱም እንደ ገጠሩ፤ ሃይማኖቱ ጥብቅ። የቪየና ልሂቃን ያሾፉበት ነበር። ተማሪዎቹ ግን ይወዱት ነበር፤ ሮት ደግሞ ከሁሉ በበለጠ ቀረበው። ብሩክነርም ስለ ሮት በጻፈው ምስክርነት ባኽን እጅግ አሳምሮ እንደሚጫወትና በቅጽበታዊ ፈጠራም ድንቅ እንደሆነ ገልጿል። በሌሎች ዘንድ ምርጥ ተማሪዬ እያለ ያነሳው ነበር። ቅጽበታዊ ፈጠራ የብሩክነር የራሱ መመኪያ ስለነበር፣ ያንን ሙገሳ ለሌላ ሰው መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሮት የኦርጋን ትምህርቱን በ1877 በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ።

ዓመቱ 1876 ለሮት የሐዘንም የደስታም ዓመት ነበር። አባቱ የሞተው፣ በማሪያ ትሮይ ቤተ ክርስቲያን የኦርጋን ተጫዋችነት ሥራ ያገኘው፣ ወደ ባይሮይትም የሄደው በዚያ ዓመት ነው። በባይሮይት ሪቻርድ ዋግነር ባሠራው አዲስ ቴአትር ቤት አራቱ የቀለበት ኦፔራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሲቀርቡ፣ ኦርኬስትራውን የመራው ሃንስ ሪሽተር ነበር። ሮት ይህን ስም ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት ይፈልገዋል።

በፒያሪስቶች ገዳም ለኦርጋን ተጫዋቹ አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችው። ክፍሏ የወጣቶቹ መሰብሰቢያ ሆነች። ማህለር፣ ክሺዣኖቭስኪ፣ የቋንቋ ተማሪው ዮዜፍ ዜሚውለር፣ ኋላ የአርኪዮሎጂ ሊቅ የሆነው ፍሪድሪክ ሎር እዚያ ይመጡ ነበር። ስለ ዋግነር ይከራከራሉ፣ ያነብባሉ፣ አንዱ የጻፈውን ለሌላው ያሰማል። ሮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዟቸው ወጥቶ ኦርጋኑን ይጫወትላቸዋል። የእነዚያ ዓመታት ሥራዎቹ ተርፈዋል፤ ለአውታር መሣሪያዎች ብቻ የተጻፈ ሲምፎኒ በኤ ፍላት ሜጀር፣ ለሼክስፒር ጁሊየስ ቄሳር የተዘጋጀ መግቢያ ሙዚቃ፣ በጎተ ግጥሞች ላይ የተሠሩ መዝሙሮች። እነዚህ የአንድ ተማሪ ሥራዎች ናቸው። ዋግነር በየገጹ ይሰማል። ሆኖም መስመር አሳድጎ ወደ ታላቅ ድምቀት የማድረስ ችሎታው ያኔም ጎልቶ ይታያል።

ያን ጊዜ የቪየና ሙዚቃ ለሁለት የተከፈለ ጎራ ነበር። በአንድ በኩል የዋግነር ደጋፊዎች፣ በሌላው በኩል የዮሃንስ ብራምስ። የብራምስን ወገን በጋዜጣ የሚመራው ኤድዋርድ ሃንስሊክ ሲሆን ብዕሩ አንድን አዲስ ሥራ በአንድ ጠዋት ሊገድል ይችል ነበር። ብሩክነር ሦስተኛ ሲምፎኒውን ለዋግነር ያበረከተ ሰው ስለነበረ በየትኛው ጎራ እንደሚቆጠር ግልጽ ነው። ሲምፎኒውን ሊመራለት ቃል የገባው ያ የ1861 ፈታኙ ኸርቤክ ነበር፤ ግን በኦክቶበር 1877 በድንገት ሞተ። ብሩክነር በዲሴምበር 16 ራሱ ለመምራት ተገደደ። ሕዝቡ በየክፍሉ መካከል እየተነሳ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ በአዳራሹ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ማህለርና ክሺዣኖቭስኪ ያንን የተዋረደ ሲምፎኒ ለፒያኖ አዘጋጅተው እንዲታተም አደረጉ። የብሩክነር ተማሪ መሆን በዚያች ከተማ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ወጣቶቹ ከዚያ ቀን በደንብ ተምረዋል።

ከሰባት ወር በኋላ ተራው የሮት ሆነ።

በጁላይ 1878 የኮንሰርቫቶሪው የመጨረሻ ዓመት የድርሰት ውድድር ተደረገ። ሮት ያቀረበው ገና በመጻፍ ላይ የነበረውን የኢ ሜጀር ሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል ነበር። ዳኞቹ ሳቁ። ብሩክነር ተነስቶ፣ አትሳቁ፣ ከዚህ ልጅ ገና ታላቅ ነገር ትሰማላችሁ አላቸው። አልሰሙትም። ማህለር ለፒያኖ ኩዊንቴት በጻፈው ሥራ አንደኛ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ምንም ሽልማት ያላገኘው ሮት ብቻ ሆነ። ይህ ውጤት ለማህለርም ምቹ ትዝታ አልነበረም፤ ጓደኛው ከእሱ እንደማያንስ ያውቅ ነበርና።

በዚያው ዓመት ሮት የገዳሙን ሥራም ለቀቀ። ከገዳሙ መጻሕፍት መጥፋት ጋር በተያያዘ ስሙ ያለ አግባብ መነሳቱ ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ብሩክነር በቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዲያገኝ በየቦታው የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። አንዱም አልተሳካም። ስለዚህ ብሩክነር ምርጥ ተማሪዬ ያለው ወጣት፣ ኦርጋን የሌለው ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በግል ትምህርት ክፍያና በጓደኞቹ ድጎማ መኖር ጀመረ።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው ሲምፎኒውን የጨረሰው። በ1880 አራቱም ክፍሎች ተጠናቀቁ። ዕድሜው ገና 22 ዓመት ሊሞላ ነበር።

ሥራው አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቀሩታል። ሲጀምር ከአውታር መሣሪያዎች ለስላሳ እንቅስቃሴ በላይ አንድ ትራምፔት ሰፊና እርጋታ ያለው ዜማ ይዘምራል፤ ያ ዜማ እየሰፋ ሄዶ ኦርኬስትራውን ሁሉ ይጠቀልላል፤ በሌሎቹ ክፍሎችም ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል ዘገምተኛ ሲሆን መጨረሻው ላይ ናሶቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚያሰሙት ጸጥ ያለ ዝማሬ የኦርጋን ተጫዋቹን እጅ ያሳያል። ሦስተኛው ክፍል ስኬርዞ፣ ማለትም ፈጣንና ጨዋታ የበዛበት ክፍል ነው። እዚህ ላይ የማህለርን ሙዚቃ የሚያውቅ አድማጭ ቀና ብሎ መቀመጡ አይቀርም። የገጠር ጭፈራ ይጀምራል፣ ይሞቃል፣ በድንገት ይሰበራል፣ ናሶቹ ያሽካካሉ፣ ከዚያ ያልታሰበ ጨዋ ዜማ ይመጣል፣ መጨረሻው ትርምስ ነው። ማህለር የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ለሕዝብ ያሰማው በ1889 ነው። ሮት ይህን የጻፈው ቢያንስ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ነው።

ሲምፎኒው እንከን የለውም ማለት አይቻልም። ትሪያንግሏ፣ ያቺ በብረት ዘንግ የምትመታ ትንሽ መሣሪያ፣ ያለ ዕረፍት ትጮኻለች፤ ብዙ የኦርኬስትራ መሪዎች ድምጿን ይቀንሷታል። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚወስደው የመጨረሻው ክፍል ወደ ድሉ ለመድረስ ደጋግሞ ይነሳል፣ ደጋግሞ ይወድቃል። አንድም ጊዜ ሥራውን በኦርኬስትራ ሲጫወት ያልሰማ ደራሲ የሚሠራቸው ስሕተቶች ናቸው። ሌላው ደራሲ ሁሉ እንዲህ ያለውን ስሕተት ያረመው በልምምድ ላይ ተቀምጦ በጆሮው ሰምቶ ነው፤ ሮት ይህ ዕድል አልደረሰውም።

ዕድሉን ፈልጎ ግን ብዙ ደክሟል። የመንግሥት የአርቲስቶች ድጎማ እንዲሰጠው አመለከተ። ማመልከቻዎቹን የሚመረምሩት ሃንስሊክ፣ የሙዚቃ ደራሲው ካርል ጎልድማርክና ብራምስ ነበሩ። ሮት ቁርጥ ያለ ሐሳብ አደረገና በሴፕቴምበር 17 ቀን 1880 ኖታውን ይዞ ብራምስ ቤት ሄደ።

ያ ቀን ምን እንደሆነ ለመረዳት የብራምስን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ብራምስ 47 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ለመጨረስ 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ያሰማውም በ1876 ነው። አሁን ደግሞ የብሩክነር ተማሪ የሆነ፣ ዋግነርን የሚያመልክ የ22 ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት የሚያህል ሲምፎኒ ይዞ ፊቱ ቆመ። ገጾቹን ገልጦ ወደ መጨረሻው ክፍል ሲደርስ፣ የራሱን የመጀመሪያ ሲምፎኒ የመጨረሻ ክፍል ዜማ በግልጽ የሚያስታውስ ዜማ አገኘ። ሮት ይህን ያደረገው በአክብሮት ይመስላል፤ ሁለቱን ጎራዎች በአንድ ሥራ ውስጥ ለማስታረቅ የፈለገ ሰው ሥራ ነው። ብራምስ እንዲያ አላነበበውም። በሥራው ውስጥ ብዙ ውበት ቢኖርም ከጎኑ ያለው ተራ ነገር ከመብዛቱ የተነሳ ውበቱ የሮት የራሱ ሊሆን አይችልም አለው። ተሰጥኦ የለህምና ሙዚቃን ተው ብሎም መከረው።

ብራምስ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያው የድጎማ ኮሚቴ ውስጥ ሆኖ አንቶኒን ድቮርዣክ የተባለውን ድሃ የቦሔሚያ ሙዚቀኛ ያወቀ፣ ድጎማ እንዲያገኝ የደገፈ፣ ከራሱ አሳታሚ ጋር ያገናኘ ሰው ነው። ለድቮርዣክ የከፈተውን በር ለሮት መዝጋቱ ነው ነገሩን የሚያሳዝነው።

በኦክቶበር ሮት ወደ ሃንስ ሪሽተር ሄደ። የባይሮይቱ መሪ አሁን የቪየና ፊልሃርሞኒክ መሪ ነበር። ሪሽተር ሲምፎኒውን አይቶ መልካም ቃል ተናገረ፤ ለማቅረብ ግን ቃል አልገባም። ለሮት የቀረው አንድ አማራጭ ነበር። በአልዛስ ግዛት፣ ያኔ በጀርመን ሥር በነበረችው ሙልሃውዘን ከተማ፣ የአንድ የወንዶች መዘምራን ማኅበር መሪነት ተገኝቶለታል። ቪየናን መልቀቅ ማለት ጓደኞቹን፣ መምህሩን፣ በድብቅ የሚያፈቅራትን የሎርን እህት ሉዊዘን መልቀቅ ማለት ነው። ሆኖም ሌላ እንጀራ አልነበረውምና ተሳፈረ።

በኦክቶበር 1880 መጨረሻ ገደማ፣ ብራምስን ባየ በአምስተኛው ሳምንት፣ በባቡሩ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ሲጋራ ሊለኩስ ክብሪት አወጣ። ሮት ሽጉጥ መዘዘበት። ብራምስ ባቡሩን በዲናሚት ሞልቶታልና እሳት እንዳትጭር አለው።

ወደ ቪየና መለሱት። መጀመሪያ በጠቅላላ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ከዚያ በፌብሩዋሪ 1881 ወደ ታችኛው ኦስትሪያ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገባ። ሐኪሞቹ የመዘገቡት የሌለ ነገር የማየትና የመስማት፣ እያሳደዱኝ ነው ብሎ የማመን ሕመም ነው። የመንግሥት ድጎማው የተፈቀደለት በዚያው በ1881፣ እሱ በሕክምና ተቋሙ ግድግዳ ውስጥ ካለ በኋላ ነው።

ተቋሙ ውስጥ ራሱን ለማጥፋት ሞክሯል። የጻፋቸውን የኖታ ወረቀቶች አጠፋ፤ ከፊሎቹን ለመጸዳጃ ሲጠቀምባቸው የሰው ሥራ ዋጋው ይኸው ነው ይል እንደነበር ተመዝግቧል። የጀመራቸው ሌሎች ሥራዎች በዚህ መንገድ ጠፍተው ቀርተዋል። ኋላ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያስታወቀው በማርች 1882 ነው፤ መድኃኒቱ እስኪገኝ ግን 60 ዓመት ገደማ ቀርቶ ነበር። ሃንስ ሮት ጁን 25 ቀን 1884 ሞተ። 26 ዓመት ሊሞላው አምስት ሳምንት ያህል ቀርቶት ነበር።

ብሩክነር ለተማሪው ውድቀት ብራምስን ሲወቅስ ኖረ። ቮልፍም እንዲሁ። ይህ ውንጀላ በጓደኞቹ ዘንድ ጸንቶ ቆይቷል፤ በሐዘን ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የሚገባ ነገር ነው። ሆኖም የዛሬ አንባቢ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። እንዲህ ያለ ሕመም በአንድ ክፉ ቃል ብቻ አይመጣም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በዚያው በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። የብራምስ ቃል ሕመሙን አልፈጠረውም፤ ሕመሙ ግን የብራምስን ስም ይዞ መጣ። ፍርዱን ለመስጠት ከአንድ ሰው ይልቅ ዝርዝሩን ማየት ይሻላል፤ የሳቁት የ1878 ዳኞች፣ ሥራ የከለከሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ የዘገየው ኮሚቴ፣ መልካም ቃል ተናግሮ ያለፈው መሪ። ቮልፍ ራሱ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1898፣ በዚያው ተቋም ገብቶ በ1903 እዚያው አረፈ።

ሲምፎኒው ግን አልጠፋም። ጓደኞቹ ወረቀቶቹን ሰብስበው አኖሯቸው። በ1900 ክረምት ማህለር ኖታውን ተዋሰ። ያን ጊዜ ማህለር የሚታገል ወጣት አልነበረም፤ የቪየና የንጉሠ ነገሥቱ ኦፔራ ዳይሬክተር፣ የቪየና ፊልሃርሞኒክም መሪ ነበር። ሮት የተመኘው ኦርኬስትራ በእሱ እጅ ነው። ካነበበ በኋላ ለወዳጁ ለናታሊ ባወር ሌክነር የተናገረውን እሷ በማስታወሻዋ መዝግባዋለች። ሙዚቃ በሮት ሞት ያጣችው ሊለካ አይችልም አለ፤ በ20 ዓመቱ በጻፈው በዚህ ሥራ የአዲሱ ሲምፎኒ መሥራች ሆኗል አለ፤ እሱና ሮት ከአንድ ዛፍ የተገኙ ሁለት ፍሬዎች እንደሆኑም ተናገረ።

ይህን ያህል ካለ በኋላ ሥራውን አላቀረበም። በሚቀጥለው ዓመት የፊልሃርሞኒኩን መሪነት ለቀቀ፤ ምናልባት ጊዜ አጣ ይባል ይሆናል። ሆኖም ማህለር በሚያቀርበው ሥራ ላይ የመወሰን ሥልጣን የነበረው ሰው ነው። ከብራምስ ይልቅ የማህለር ዝምታ በሮት ላይ የከበደ ይመስላል፤ ምክንያቱም ብራምስ አላወቀውም፣ ማህለር ግን አውቆታል። የሮት ስኬርዞ ድምፅ በማህለር የመጀመሪያ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍልና በሁለተኛው ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ በግልጽ ይሰማል። ማህለር ሌባ አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተምረዋል፣ በዚያች የገዳም ክፍል አብረው አምሽተዋል፣ የአንዱ ሐሳብ የሌላው ሐሳብ ነበር። ቢሆንም በአደባባይ አንድ ምሽት ይገባው ነበር።

ከዚያ ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ። የሎር ልጅ ማያ ሎር የሮትን ወረቀቶች ተንከባክባ ለኦስትሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስረከበች። እዚያ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። በ1970ዎቹ ፖል ባንክስ የተባለ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ተመራማሪ የማህለርን ወጣትነት ሲያጠና ወደ ሮት ደረሰ። የእጅ ጽሑፉን ገልጦ ሲያነብ የማህለር ድምፅ ከማህለር በፊት ተጽፎ አገኘው። ኖታውን ለኦርኬስትራ በሚሆን መልኩ አዘጋጀ።

ማርች 4 ቀን 1989 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ የሲንሲናቲ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ የሃንስ ሮትን ሲምፎኒ በኢ ሜጀር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰማ። የመራው ጌርሃርድ ሳሙኤል ነበር፤ በጀርመን ቦን ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ሙዚቀኛ። ተጫዋቾቹ የኮንሰርቫቶሪ ተማሪዎች ነበሩ። የኮንሰርቫቶሪ ዳኞች የሳቁበትን ሥራ ከተጠናቀቀ ከ109 ዓመት በኋላ ያነሱት የሌላ አገር የኮንሰርቫቶሪ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም በዕድሜ የሮት እኩዮች። በዚያው ዓመት ሃይፐሪዮን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዲስክ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሌይፍ ሴገርስታም ከስዊድኑ የኖርሾፒንግ ኦርኬስትራ ጋር፣ ፓቮ ያርቪ ከፍራንክፈርት ሬዲዮ ኦርኬስትራ ጋር፣ ያኩብ ህሩሻ ከባምበርግ ሲምፎኒ ጋር ቀረጹት። በ2002 በቪየና የሃንስ ሮት ዓለም አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። መዝሙሮቹ፣ የአውታር ኳርቴቱ፣ ያ የጁሊየስ ቄሳር መግቢያ ሳይቀር አሁን በዲስክ ይገኛሉ።

ሆኖም የኮንሰርት አዳራሾች ፕሮግራም ላይ ሮት ዛሬም እንግዳ ነው። ማህለር በየሳምንቱ በአንዱ የዓለም ከተማ ሲጫወት፣ ሮት የሚጠራው አንድ መሪ ለየት ያለ ነገር ማሳየት ሲፈልግ ነው። ይህ መስተካከል አለበት። ሲምፎኒው ደግነት የሚሻ የአንድ አሳዛኝ ልጅ መታሰቢያ አይደለም፤ በራሱ እግር የሚቆም ሥራ ነው፤ ስለ ባቡሩና ስለ ሽጉጡ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሰማውም የመጀመሪያው ትራምፔት ይይዘዋል።

ቅጂዎቹ በኢንተርኔት በነፃ ስለሚገኙ፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመሞከር የሚያግድህ የለም። ሙሉውን አንድ ሰዓት መቀመጥ ከከበደ ከሦስተኛው ክፍል ጀምር፤ ከዚያ የማህለርን የመጀመሪያ ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል አስከትል። ስትሰማም የቀን ቅደም ተከተሉን አትርሳ፤ የሮት ሥራ የተጠናቀቀው በ1880 ነው።